መስቀል የረገጠው ዳኮታ

የካቲት 9 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

ዛሬ ከማረፊያው ሜዳ ላይ በሬ፣ አህያ፣ ፍየልና ጠጅ ያሸነፋቸውን አንድ ሽማግሌ አባረርሁ። ከዚያ ሬዲዮዬን ከፍቼ፣ ተምሬ በተመረቅሁበት እንግሊዝኛ፣ «ሜዳው ነጻ ነው፤ ማረፍ ይቻላል» አልሁ። ዳኮታው አውሮፕላን አቧራ እያስነሣ ወረደ። ገበያተኛው አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ላብድ ነው መሰለኝ፤ ግን ደስ ይላል።

ይህን ደብተር የገዛሁት እንዳላለቅስ ነው። ስለዚህ የሆነውን አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

ኅዳር ላይ፣ አዲስ አበባ የአውሮፕላን መቆጣጠሪያው ማማ ላይ ተረኛዋ እኔ ነበርሁ። ካፒቴን ገብረ አምላክ ለማረፍ ጠየቀ። መንደርደሪያው ላይ የጥገና መኪና ቆሞ ነበር። «ጠብቅ፤ አልተፈቀደም» አልሁ። አልጠበቀም፤ ወረደ። የመኪናው ሾፌር ዘሎ ሣር ውስጥ ተደፋ፤ የአውሮፕላኑ ክንፍ በመኪናው አናት ላይ አለፈ። ሰው አልተጎዳም። ኮሚቴው ፊት ስንቀርብ ካፒቴኑ ደረቱን ነፍቶ «ልጅቱ ፈቅዳልኛለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። ድምፅ የሚቀዳው መሣሪያ የዚያን ቀን ተበላሽቶ ነበር። አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው ረዳት አብራሪ፣ ደሞዝ የሚባለው፣ ሲጠየቅ ጫማ ጫማውን እያየ «አልሰማሁም» አለ። አልሰማሁም! ማዳመጫውን እንደ ዘውድ ጭኖ!

የእኔ ቃልና የአንድ አንጋፋ አብራሪ ቃል ሲመዘን የትኛው እንደሚከብድ ለማወቅ ኮሚቴው ሻይ እንኳ አላስፈለገውም። የሥራ ፈቃዴ ተያዘ። «ነገሩ እስኪጣራ በትውልድ አገሯ ሬዲዮ ትጠብቅ» ተባለ። ሲጣራ ወይ ወደ ማማዬ እመለሳለሁ፣ ወይ ዕድሜ ልኬን ማይክራፎን አልጨብጥም።

በየማክሰኞው ሰቆጣ የሚያርፈው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ካፒቴን ገብረ አምላክ፣ ከነደሞዙ። እግዜር ቀልድ ያውቃል።

የካቲት 16

ካፒቴኑ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መልስ ግን አይጠብቅም። እንደ ድሮ ባላባት ነው፤ በር ያንኳኳል፣ ያንኳኳበት እጁ ሳይወርድ እልፍኝ ገብቶ ተቀምጧል። ዛሬ «ነፋሱ ከምሥራቅ…» ብዬ ሳልጨርስ ጎማው መሬት ነካ። ወርዶ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ።

«አሁንም እያወራሽ ነው እንዴ? እኛ እኮ ደርሰናል።»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ።

«እንኳን ደህና መጡ ካፒቴን» አልሁት። «ፈቃዱ መንገድ ላይ ነው፤ ሲደርስ እሰጥዎታለሁ።»

ተሳፋሪዎቹ እንደገና ሳቁ፤ ይኸኛው ሳቅ ግን የእኔ ነበር። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

ደሞዝ ብርቱካን ይዞልኝ መጣ። «ከአዲስ አበባ ነው» አለ፤ ሰቆጣ የበቀለ ይመስል! አልቀበልም አልሁት። የሬዲዮ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጦት ሄደ። በንዴት በላሁት። ጣፋጭ ነበር።

የካቲት 18

የማድረው አክስቴ ዘንድ ነው። እትዬ እማዋይሽ ይባላሉ፤ ከሜዳው አጥር ሥር ነው ቤታቸው፤ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ዶሮዎቻቸውን ይቆጣሉ።

ዛሬ የጨርቁን ምልክት አስተማርኋቸው። ሬዲዮው ዝም ካለ ለአብራሪው የምንነግረው በነጭ ጨርቅ ነው። ሁለት ረጃጅም ጨርቆች እንደ መዶሻ ሆነው ሲዘረጉ «ና፣ ውረድ» ማለት ነው። ተጋድመው ሲጣመሩ ደግሞ «አትውረድ፤ ሜዳው ነጻ አይደለም፤ እየዞርህ ጠብቅ» ማለት ነው።

«ይኸ ሁለተኛው መስቀል ነው» አሉ እትዬ እማዋይሽ።

«ምልክት ነው እንጅ መስቀል አይደለም።»

«አንች ምልክት በይው። እኔ የማየው መስቀል ነው።»

የተጣመረውን ለሙከራ ሜዳው ላይ ዘርግቼው ዋልሁ። ጉድ ነው! ፊሽካዬ ስንት ቀን ለፍቶ ያላደረገውን ጨርቁ በአንድ ጠዋት አደረገው። የገብስ ጭነት ይዘው ከደሃና የመጡ ሰዎች ደረሱና አህዮቻቸውን መልሰው ዙሪያውን ሄዱ። እረኞች ፍየሎቻቸውን በድንጋይ መለሱ። አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሳለሙት። እዚህ አገር መሬት ላይ የተዘረጋ መስቀል የሚረግጥ የለም።

ሜዳው ባዶ ሆነ። እንዲህ ያለ የትራፊክ ተቆጣጣሪ አዲስ አበባም የለም።

የካቲት 30

ማክሰኞ። ነፋስ። ዳኮታው መጣ፣ ሄደ። ደግሞም ሳይጠብቅ። ደሞዝ ጠጉሩን ተስተካክሏል። አይመለከተኝም።

መጋቢት 8

የሬዲዮዬን ባትሪ የምሞላው ሰሊማ ዘንድ ነው። ሱቁ የባሏ የሸምሱ ነው፣ ወፍጮውም የሸምሱ ነው፣ ሸምሱ ደግሞ የሰሊማ ነው። ወፍጮው በዞረ ቁጥር የእኔም ባትሪ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠግባል። በየሳምንቱ በአህያ አስጭኜ እወስዳለሁ፣ አመጣለሁ።

«አንች፣ ያ ረጅሙ ረዳት አብራሪ ትናንት ሱቄ መጥቶ ነበር» አለችኝ ሰሊማ።

«እና?»

«ክር ገዛ።»

«አብራሪ ክር ምን ያደርግለታል?»

«እኔስ መች ገባኝ! ክሩን እያገላበጠ ‹እሷ ምን ትወዳለች?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹እውነት ትወዳለች› አልሁት። አቀረቀረና ወጣ። ክሩንም ረስቶት ሄደ፤ ይኸውልሽ፣ ውሰጅው።»

ክሩን ወረወርሁባት። ቀይ ክር ነው። በኋላ ስወጣ ከመሬት አነሣሁት፤ ዝም ብሎ ቢረገጥ ያሳዝናል።

መጋቢት 15

ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ተጠርቼ የሴቶች ውይይት ክበብ ሰብሳቢ ሆንሁ። «ጓድ ጥሩሐረግ፣ የተማርሽ ነሽ፤ ሴቶቹን አንቂ» ተባልሁ። የውይይታችን ርእስ ፊውዳሊዝም ነበር። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ አውሮፕላኑ ሌሊት የት እንደሚያድር ጠየቀች። ሁለተኛዋ አብራሪው ሽንቱ ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀች። እስኪያልበን ሳቅን። እኔ ስለ ፊውዳሊዝም የማውቀውን ሁሉ በካፒቴን ገብረ አምላክ ምሳሌ አስረዳሁ። ሁሉም ገባቸው።

መጋቢት 28

ባትሪው ትናንት ሰሊማ ዘንድ ሞልቶ ስለ ነበር የደሴ ሬዲዮ ጣቢያ ዛሬ ጠዋት ጆሮዬ ሥር የተቀመጠ ያህል ተሰማኝ። ባይሰማኝ ይሻል ነበር። አቶ ምንዋጋው የሚባሉ የኮሚቴው አጣሪ በሕማማት ማክሰኞ ሰቆጣ ይመጣሉ። ሥራዬን በዓይናቸው አይተው የኅዳሩን ነገር ይዘጋሉ። ወይ ማማው፣ ወይ ፍየል ማባረር ለዘላለም።

የሚያመጣቸው ማን ነው? እሱ ነው እንጅ!

ቀትር ላይ ሲያርፍ (ሳይጠብቅ) ወሬውን ራሱ ሊያበሥረኝ መጣ።

«አቶ ምንዋጋውን አውቃቸዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ናቸው። እኔ የነገርኋቸውን በዓይናቸው ሊያረጋግጡ ነው። ሻንጣሽን ለማዘጋጀት አትድከሚ።»

«የእኔ ሻንጣ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፣ ካፒቴን።»

ደሞዝ ከኋላው ቆሞ ነበር። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ከደነው። ይህ ሰው አፍ ለምን ተሰጠው? ብርቱካን ሊበላበት?

መጋቢት 29፣ ሌሊት

እንቅልፍ የለም። ሳቅ ሳቅ ይለኛል። እትዬ እማዋይሽ ከመኝታቸው ሆነው «ምን ነካሽ፣ ጥሩዬ?» አሉኝ። «ምንም» አልሁ።

እንዲህ አሰብሁ። አቶ ምንዋጋው እዚህ መጥተው ምን ያያሉ? አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው ይመጣሉ። እኔ በሬዲዮ እናገራለሁ፤ እሳቸው አይሰሙኝም። ካፒቴኑ ሳይጠብቅ ይወርዳል፤ እሳቸው አያውቁም። ወርደው እጄን ይጨብጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። በሬዲዮ የተባለ ነገር አይታይም። እሱ «ብላለች» ይላል፣ እኔ «አላልሁም» እላለሁ፤ ከዚያ እንደገና ያው ሚዛን፣ ያው ሻይ።

ጨርቅ ግን ይታያል።

ማሰብ ብቻ ነው ያሰብሁት።

መጋቢት 30

ባትሪው የደከመ መሰለኝ።

ሚያዝያ 2

እትዬ እማዋይሽ ለፋሲካ የሚታጠበውን ነጠላና ጋቢ የት እንደሚያሰጡት ተጨነቁ። ቁጥቋጦ ላይ ሲሰጣ ይቀደዳል፣ ድንጋይ ላይ ሲሰጣ ፍየል ይረግጠዋል። በከተማው ፍየልና አህያ የማይደርስበት ንጹሕ ሣር ያለው የተጣመረው ጨርቅ የተዘረጋበት የእኔ ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

«እዚያ አሰጡት» አልሁ።

«አውሮፕላኑስ?»

«ድምፁ ሲሰማ ፊሽካ እነፋለሁ። የተጣመረው ጨርቅ ተዘርግቶ ይቆያል። እሱ እየዞረ ይጠብቃል፣ እናንተ ልብሱን ታነሣላችሁ፣ እኔ ጨርቁን ወደ ‹ና› እለውጣለሁ። ሥርዓቱም ይኸው ነው።»

ሥርዓቱ ይኸው ነው። የሥራ መመሪያ መጽሐፉም እንዲህ ይላል።

ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበቡን ሜዳ ላይ ሰብስቤ ልምምድ አደረግን። ፊሽካ ስነፋ ሁሉም ሮጠው ከአጥሩ ውጭ። ወንዶቹ ቆመው ሳቁብን። ደገምነው። ሰሊማ መሐል ሜዳ ላይ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ቆይ፣ ቆይ። ልብሱን ሳናነሣ ነው እንዴ የምንሮጥ?»

«መጀመሪያ ነፍሳችሁን አውጡ። ልብሱ ይቆያል።»

«የሚጠብቅ ከሆነ ምን ያሮጠናል?»

«ለማንኛውም ነው።»

ሰሊማ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አሸርጣ ከሁሉም ቀድማ ሮጠች። ትልቅ ሴት እንዲህ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ሆዴን ይዤ ተቀመጥሁ።

ሚያዝያ 5

ባትሪውን ዛሬ በዳኮታው ወደ አዲስ አበባ ላክሁት። ደሞዝ ራሱ ተሸክሞ ጫነው። ስሜና «ሰቆጣ» የሚል ጽሑፍ አለበት። በሚመጣው ማክሰኞ አብሯቸው ይመለሳል።

ሰሊማ ቅቤ ስታስጭን አየችና «በየሳምንቱ በእኔ ወፍጮ የሚጠግብ ባትሪ ዛሬ ምን አምሮት ነው አዲስ አበባ የሚሄድ?» አለች።

«አሲዱ መለወጥ አለበት።»

«አሲዱ?»

«አዎ፣ አሲዱ።»

«እሽ እህቴ። አሲዱ ይሁን።»

ካፒቴኑን ፊት ለፊት ቆሜ ነገርሁት። ማንም በኋላ አልተነገረውም እንዳይል።

«ካፒቴን፣ ባትሪው እስኪመለስ ሬዲዮ የለኝም። የሚመጣው ማክሰኞ ጨርቁን አይተው ይውረዱ። የተጣመረ ካዩ እየዞሩ ይጠብቁ።»

«እሽ፣ እሽ።» ዓይኑ ቅቤው ላይ ነበር።

«ምን እንዳልሁዎት ይድገሙልኝ?»

«አይ ጉድ! ተማሪ ቤት አስገባችኝ!» አለና ወደ መሰላሉ ወጣ።

ደሞዝ ግን ደገመልኝ። ቃል በቃል፣ አንድም ሳያጎድል። ከዚያ «እርስዎ አትበይኝ፤ አንተ በይኝ» አለ።

«እርስዎ ጆሮ ያለው ሰው መሆንዎን ሳረጋግጥ» አልሁት።

ሚያዝያ 10፣ ሆሣዕና

ሬዲዮ የለም። ደሴ የለ፣ አዲስ አበባ የለ። ጸጥታው ያስቃል። ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ የዘንባባ ቀለበት አስሯል። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ማይክራፎኑን አቧራውን ጠረግሁለት፤ ቆይ ትናገራለህ አልሁት።

ዛሬ ቅዳሴ ላይ ሐሳቤ የት ነበር? ከባድ ነገር አይደርስም። ይጠብቃል። ምናልባት ይጠብቅ ይሆናል። የሚጠብቅ ከሆነ እኔም ሥርዓት የማውቅ ሠራተኛ ሆኜ እታያለሁ፤ ምን እጎዳለሁ? ምንም።

ሚያዝያ 12፣ ጠዋት

ሰማዩ ጥርት። ሜዳው በረዶ የጣለበት መስሏል፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቀሚስ፣ የቄሱ ጥምጥም ሳይቀር። የተጣመረው ጨርቅ መሐል ላይ፣ ከሁሉም ገዝፎ። ፊሽካው አንገቴ ላይ። እጄን ብብቴ ሥር ከተትሁት። ብርድ ነው።

ሚያዝያ 12፣ ሌሊት

አሁን በሥርዓቱ ልጻፍ።

ድምፁ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መጣ። ፊሽካውን ነፋሁ። ሴቶቹ እንደ ልምምዳችን ተነቅለው ሮጡ፤ ሰሊማ ከፊት፣ ልብሱ ሜዳው ላይ። ዳኮታው ብቅ ሲል ቀና ብዬ አየሁት። አልዞረም። ሜዳውን አላየም። አፍንጫውን እንደ ሁልጊዜው ደፍቶ መጣ፤ በዚያ ሁሉ ነጭ ላይ፣ በመስቀሉ ላይ!

«ወጣችሁ? ሁላችሁም ወጣችሁ?» ብዬ ስጮህ «እማዋይሽ!» አለች ሰሊማ።

ተመልሰው ገብተው ነበር። አክስቴ። ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ወደ አንድ ጋቢ ይሮጣሉ።

እንዴት እንደ ሮጥሁ አላውቅም። በወገባቸው ይዤ ጣልኋቸውና አብረን ተንከባለልን። ጎማው ከእግራቸው ተረከዝ ሥር አለፈ። አቧራ፣ ነፋስ፣ ጩኸት፤ ከዚያ ሰማይ ምድሩ ጨርቅ ሆነ። ነጠላ እንደ እርግብ ተነሣ። ጋቢ ተበጣጠሰ። ዳኮታው ሜዳው ጫፍ ሲቆም አፍንጫው ላይ የሰው ቀሚስ ለብሶ፣ ከጭራው አንድ ጋቢ እየጎተተ ነበር፤ ልክ ከሠርግ እንደ ተባረረ ሚዜ። ያን ጊዜ ሳቅሁ፤ አፌ በአፈር ተሞልቶ፣ አክስቴን እንዳቀፍሁ። አሁን ሳስበው ሳቅ አልነበረም መሰለኝ።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወረዱት ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። አቶ ምንዋጋው። ከኋላቸው ካፒቴኑ እጁን ወደ እኔ ቀስሮ ወረደ።

«ይኸው! ይኸው በዓይንዎ ያዩት! በሬዲዮ ‹ውረድ› አለችኝ፤ አሁን በዚህች ደቂቃ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ሴቶቹ ገብተው ከበቡን።   የምናገረውን ሁሉ ሌሊት ሌሊት ተለማምጄው ነበር፤ አንዱም አልመጣ አለኝ።

ደሞዝ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ነበር። ጫማውን አየ። በቃ፣ ደግሞ «አልሰማሁም» ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠው ደሞዝ የለም። ተመልሶ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቷል። ሲወጣ ባትሪውን ደረቱ ላይ ታቅፎ ነበር። እያዘነበለ ወረደና አቶ ምንዋጋው እግር ሥር አስቀመጠው።

«ምንድን ነው ይኸ?» አሉ አጣሪው።

«የሬዲዮዋ ባትሪ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ወስጄው ዛሬ አብሮን መጣ። ያለ እሱ ሬዲዮዋ ቃል አይወጣውም።»

አቶ ምንዋጋው ባትሪውን አዩ። ስሜን አነበቡ። ቀስ ብለው ወደ ካፒቴኑ ዞሩ።

«እንግዲያ እርስዎ የሰሙት የማንን ድምፅ ነው?»

ካፒቴኑ አፉን ከፈተ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያስገባ አፍ ነበር፤ ምንም አልወጣም።

«ሌላም አለ» አለ ደሞዝ።  «ኅዳር ላይ ‹ጠብቅ፤ አልተፈቀደም› ስትል ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው አልሰማሁም ያልሁት።»

ሰሊማ እልልታውን ለቀቀችው። በሕማማት እልል አይባልም ብትባል «እኔ እስላም ነኝ፤ ተዉኝ» አለች።

እትዬ እማዋይሽ ግን ዳኮታውን እየዞሩ ያዩ ነበር። ከጭራው የተንጠለጠለችውን ጋቢ ጎተቱ። ሁለት ቦታ ተቀድዳለች።

«መገነዣዬ ናት» አሉ። «ለሞቴ ያስቀመጥኋት። እኔን ትቶ መገነዣዬን ወሰዳት! በሉ ሳቁ እንጅ፤ ሞት ራሱ ስቶኛል።» ከዚያ ካፒቴኑ ፊት ቆሙ። «አንተ ሰውዬ፣ በሕማማት መስቀል ረገጥህ።»

ይህን የሰማ ገበያተኛ ሁሉ ፊቱን አዞረበት። ከኮሚቴ ውሳኔ የከፋ ነው። እስኪሄድ ድረስ ውሃ የሚሸጥለት አላገኘም።

ሊሄዱ ሲሉ አቶ ምንዋጋው ወደ እኔ መጡ።

«ለመሆኑ ባትሪውን ለምን ላክሽው?»

«ደክሞ ነበር» አልሁ።

ደሞዝ አጠገባችን ነበር። ጫማውን አየ። 

ሚያዝያ 13

ጎማው። ተረከዛቸው። ጎማው።

ሁሉንም አስቤ ነበር፤ ድምፁን፣ ፊሽካውን፣ ሩጫውን፣ ልጆቹን አስቀድሜ ማራቁን። መገነዣውን አላሰብሁም። ስለ መገነዣ ማን ያስባል?

ማለቴ፣ አደጋ እንዳይደርስ ሁሉንም አስቤ ነበር።

ሚያዝያ 17፣ ፋሲካ

ክርስቶስ ተንሥአ! የሰቆጣ ሴት ሁሉ በተጣፈ ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የጣፍነው እኛው ነን፤ በዚያ በቀይ ክር። አሁን ቀይ ስፌት የሌለው ነጠላ የለበሰች ሴት «አልነበርሽም እንዴ?» እየተባለች ታፍራለች። የእትዬ እማዋይሽን መገነዣ እኔ ሰፋሁት። ስሰፋ መርፌው ወጋኝ፣ ደጋግሞ ወጋኝ። ደግ አደረገ።

ሚያዝያ 20

ባትሪው ቦታው ነው፤ ደሴ ደወለ፤ ማለቴ በሬዲዮ ጠራኝ። ካፒቴን ገብረ አምላክ ከበረራ ታግዷል። የሥራ ፈቃዴ ተመልሷል! ከሰኔ ጀምሮ ማማው! ማማዬ! ከሬዲዮ ቤቱ ወጥቼ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጥሁት። ፍየሎቹ አብረውኝ ሮጡ። ዛሬ አላባረርኋቸውም።

ሚያዝያ 26

ደሞዝ ከአዲስ ካፒቴን ጋር መጣ። ሰውዬው ዝምተኛ ነው፤ ሬዲዮውን የሚይዘው ደሞዝ ነው። ለኅዳሩ ዝምታው በደመወዙ ቀጥተውታል፤ «ጥሩ አደረጉ» አልሁት። «ጥሩ አደረጉ» አለ እሱም። ብርቱካን አላመጣም። ለእትዬ እማዋይሽ ከደሴ አዲስ ጋቢ አመጣላቸው።

ከሬዲዮ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ባትሪውን አዲስ አበባ ስወስደው የጥገናው ሰው መረመረው። ‹ሙሉ ነው፤ አሲዱም ደህና ነው፤ ለምን አመጣኸው?› አለኝ።»

ሜዳው ላይ አንዲት ወፍ ነበረች። እሷን አየሁ።

«ምን አልኸው?»

«ምንም። ዝም አልሁ። አቶ ምንዋጋውም በኋላ ጠየቁኝ። ዝም አልሁ።»

ልቆጣው ፈለግሁ። ዝምተኛ ሰው እጠላለሁ፤ ይህንን ደብተር የሞላሁት እሱን በመጥላት ነው። ቁጣው ግን ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ሳቅ ሆነ። አንተ እንዳልሁት ያወቅሁት እሱ ፈገግ ሲል ነው።

«ወደ አዲስ አበባ ስትመለሽ» አለ፣ «ሽማግሌ ብልክ…?»

«ጠብቅ» አልሁት።

«እጠብቃለሁ።»

ግንቦት 10

ዛሬ ገበያው ሞልቷል። ሜዳው ባዶ ነው፤ አንድ ፍየል እንኳ የለም፤ ነፋሱም ልከኛ ነው። ዳኮታው ከተራራው ራስ ብቅ አለ።

«ሰቆጣ፣ ለማረፍ እንጠይቃለን።»

«ጠብቅ» አልሁ።

«እንጠብቃለን።»

ዞረ። ገበያተኛው አንጋጠጠ። እንደገና ዞረ። ሰሊማ ከወፍጮ ቤቱ ዱቄት እንደ መሰለች ወጥታ «አረ አንች ሴትዮ፣ አሳርፊው! ነዳጁ አልቆ አናታችን ላይ ሊወድቅ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ማይክራፎኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ ልቤ እንደ ወፍጮው እየመታ። ዞረ። ማንም በዚህ ሜዳ ላይ ይህን ያህል ጠብቆልኝ አያውቅም።

እትዬ እማዋይሽ በአጥሩ በኩል መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አዲሱን ጋቢ ለብሰዋል። የተጣፈችዋን ለመገነዣ አስቀምጠዋታል፤ «ታውቀኛለች» ይላሉ። ዓይናቸውን ከሰማዩ ላይ አላነሡም።

«ጥሩዬ።»

«አቤት።»

«ያ ባትሪሽ የእውነት ደክሞ ነበር?»

ዳኮታው ሩቅ ነበር፤ ተራራውን ሊዞር። ድምፁ የንብ ያህል እንኳ አይሆንም።

«አልሰማሁም» አልኋቸው።

ከሰማዩ ላይ ዓይናቸውን አወረዱና አዩኝ።  እጃቸውን ወደ ትከሻዬ ሰደዱና የተጠቀለለውን የነጠላዬን ጫፍ፣ ቀይ ስፌት ያለበትን፣ ቀስ ብለው አስተካከሉልኝ። ከዚያ ዶሮዎቻቸውን ሊያስገቡ ሄዱ።

እሱ አሁንም ይዞራል። ማይክራፎኑን አፌ ላይ አደረግሁት።

«ሜዳው ነጻ ነው» አልሁት፤ በአማርኛ። «ና፤ ውረድ።»